ግራፍ በቃል ሲታዘዝ

አለቃዎ ከቢሯቸው ብቅ ብለው «የዓመቱ ሥራ በግራፍ ተዘጋጅቶ ለነገ ስብሰባ ይቅረብ» ቢሉ ምን ያደርጋሉ? ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኤክሴልን ከፍተው፥ ከእርስዎ ይበልጥ የሚያውቀው ባልደረባ ፍለጋ ከክፍል ክፍል ይዞሩ ነበር። ዛሬ ግን ሰንጠረዡን ለአንድ የቋንቋ ሞዴል ሰጥተው «በየወሩ ስንት ተማሪ እንደ ቀረ በመስመር አሳየኝ» ብለው መጻፍ ይበቃዎታል፤ ጀበናው ሳይንተከተክ ግራፉ ከፊትዎ ይቀርባል።

ቁጥርን በመስመር የመሣል ጥበብ ራሱ አሮጌ ነው። እስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር የእንግሊዝን ንግድ በመስመር ሥሎ መጽሐፍ ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1786 ነበር። አዲስ የሆነው አስተዛዘዙ ነው። ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፥ በዚያው አቈጣጠር በጁላይ 2023፥ ቻትጂፒቲ ፋይል ተቀብሎ ግራፍ የሚያወጣበትን መንገድ ለከፋይ ደንበኞቹ ከፈተ፤ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ሊዳ የሚባለውን መሣሪያ በነጻ አወጣ።

ብዙ ሰው ሞዴሉ ራሱ ሠዓሊ ይመስለዋል። አይደለም። ሞዴሉ የሚያወጣው ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈ አጭር ትእዛዝ ነው። ያንን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚሥለው ሌላ ፕሮግራም ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ ጆን ሀንተር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ማትፕሎትሊብ ነው። ሞዴሉ አብዛኛውን ጊዜ የሰንጠረዡን ረድፍ ሁሉ አያነብም፤ የዓምዶቹን ስምና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ረድፎች ያይና የቀረውን ይገምታል። ጣጣው ከዚህ ግምት ላይ ነው።

እኔ ያገኘኝን ላጫውትዎ። በምናስተምርበት ትምህርት ቤት፥ ተማሪዎች አዝመራ ሲደርስ ወላጆቻቸውን ለመርዳት ይቀራሉ። ስለዚህ በጥር ወር የማካካሻ ትምህርት እንዲሰጥ ለመጠየቅ አሰብሁና የዘጠነኛ ክፍል መዝገቤን ለሞዴሉ ሰጠሁት። የመጀመሪያው ግራፍ አሳቀኝ። ፊደላችን ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ወጣ፤ ፕሮግራሙ ከራሱ ጋር የሚመጣው የፊደል ዓይነት የእኛን አያውቅምና። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ተጠቀም» ብዬ አስተካከልሁት። ቀጥሎ ወሮቹ ተነበቡ፤ ነገር ግን ከመስከረም በኋላ መጋቢት፥ ከመጋቢት ሚያዝያ፥ ከሚያዝያ ሰኔ እያለ ሄዶ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተቀምጧል! ለካ በፊደል ተራ ደርድሯቸው ኖሯል።

ይህን የመሰለ ስሕተት ዓይን ይይዘዋል። ሌላው ግን አይያዝም። ወሮቹን በተራቸው ካስቀመጥሁ በኋላ መስመሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ከፍ ብሎ በጥር ቍልቍል ወረደ። ግራፉን ያየ ሁሉ «ልጆቹ እኮ ተመልሰዋል፤ ማካካሻ ለምኔ?» ይል ነበር። እኔም ራሴ ለጥቂት ጊዜ አምኜዋለሁ። ኋላ ግን ፕሮግራሙን አሳየኝ አልሁትና መስመር በመስመር አነበብሁት። በጥር ሁለት ሳምንት ታምሜ መዝገቡን ሳልሞላ ቀርቼ ነበር፤ ድምሩ ያንን ባዶ ቦታ ማንም ያልቀረበት ቀን አድርጎ ቈጥሮታል።

እንግዲህ እርስዎ ሲያዝዙ በአጭሩ «ግራፍ ሥራልኝ» አይበሉ። እኔ አሁን እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ «ወሮቹ ከመስከረም እስከ ሰኔ በተራቸው ይሁኑ። ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም፤ መስመሩ እዚያ ይቋረጥ። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው። ከግራፉ በፊት የየወሩን ድምር በሰንጠረዥ አሳየኝ።» ከዚያ አንዱን ወር መርጬ በእጄ እደምራለሁ። የዓመቱ ነገር ዋዛ አይደለም፤ 2016 ብለው የጻፉት እንደ አውሮፓውያን ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ያለው ዓመት መሆኑን ካልነገሩት፥ ከሌላ አገር ቁጥር ጋር አጋጥሞ ይሥልልዎታል። የጳጕሜንም ቀን ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለ ሆነ ተራው የቀን አጻጻፍ አይቀበለውም።

«ልዩነቱ ጐልቶ ይታይ» የሚለውም ትእዛዝ አደገኛ ነው። አንዱ ክፍል 90፥ ሌላው 95 ቢያመጣና የባሩ መነሻ ከዜሮ ተነሥቶ 88 ላይ ቢደረግ፥ ሁለተኛው ባር የመጀመሪያውን ሦስት ዕጥፍ ተኩል ሆኖ ይታያል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ሥዕሉ ግን ዋሽቷል። (ደግሞም የተማሪም ሆነ የባለጉዳይ ስም ያለበትን ሰንጠረዥ እንዳለ አይስጡ፤ የስሙን ዓምድ አስቀድመው ያጥፉ።)

የስብሰባው ቀን ጥር ላይ የተቋረጠውን ግራፍ ይዤ ቀረብሁ። ርእሰ መምህሩ ጣታቸውን ከክፍተቱ ላይ አድርገው «ይህስ ምንድን ነው?» አሉኝ። ታምሜ ያልመዘገብሁበት መሆኑን ነገርኋቸው። አንድ ባልደረባዬ ተነሣና የእነዚያኑ ልጆች የጧት ስም መጥሪያ ደብተር ከመሳቢያው አምጥቶ ሰጠን። እዚያው ተቀምጠን ቀን በቀን ቈጠርን፤ የጥርም ነጥብ ከታኅሣሥ እምብዛም ዝቅ አላለ። ማካካሻው ለሦስት ሳምንት ተፈቀደ።