የሾክ ዌቭ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ እንዴት ይዘጋጃል? ለሐረርስ ምን ይጐድላታል?

የሳይንስ ጉባኤ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አዳራሹን፥ ባንዲራውንና የእራት ግብዣውን ነው። ዳሩ ግን የዓለም አቀፍ ጉባኤ ዋና ሥራ የሚፈጸመው እንግዶቹ ከመምጣታቸው ከሁለት ዓመት ያህል በፊት በደብዳቤና በወረቀት ነው። ይህ ጽሑፍ ሾክ ዌቭ ስለሚባለው ሞገድ የሚደረገው ጉባኤ እንዴት እንደሚሰናዳ ከገለጸ በኋላ፥ ሐረርን የመሰለች ከተማ እንዲህ ያለውን ስብሰባ ለመቀበል ምን እንዳላትና ምን እንደሚጐድላት ለመመርመር የታሰበ ነው።

አስቀድሞ ነገሩን መረዳት ያስፈልጋል። ድምፅ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ነገር ከዚህ ባነሰ ፍጥነት ሲንቀሳቀስ ከፊቱ ያለው አየር መምጣቱን ቀድሞ እንደ ሰማ ሰው ገለል ይልለታል። ከድምፅ የፈጠነ ነገር ሲመጣ ግን አየሩ ማስጠንቀቂያ አያገኝምና ባለበት ይደራረባል። ከዚህም የተነሣ ግፊቱ፥ ሙቀቱና እፍግታው ከጠጕር እጅግ በቀጠነ ሽፋን ውስጥ በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል። ሾክ ዌቭ የሚባለው ይህ ሽፋን ነው። ይህን ለመስማት መድፍ አያስፈልግም፤ በቡሄ ሰሞን ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍ ይበቃል። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ስለሚፈጥን፥ የምንሰማው ጩኸት ገመዱ መሬት በመምታቱ የመጣ ሳይሆን ትንሽ ሾክ ዌቭ ነው። በነገራችን ላይ፥ ሐረር 1,885 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለችና አየሯ ስስ ስለ ሆነ ድምፅ በዚያ የሚዘገይ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ግፊቱ አይደለም።

ጥናቱ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኤርንስት ማኽና ፔተር ዛልሸር በጥይት ፊት የሚፈጠረውን ሞገድ በፎቶግራፍ አንሥተው እ.ኤ.አ. በ1887 አሳተሙ። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ደግሞ በ1899 ሾክ ቱብ የሚባለውን መሣሪያ ሠራ፤ ይኸውም በመካከሉ በስስ ሽፋን የተከፈለ ቱቦ ሲሆን፥ በአንዱ ወገን ያለው የታመቀ አየር ሽፋኑን ሲቀድ ሞገዱ ወደ ሌላው ወገን ይሮጣል። ጥናቱ የጦር መሣሪያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1980 በሙኒክ ከተማ የኩላሊት ጠጠር ያለ ቀዶ ሕክምና በዚሁ ሞገድ ተሰባብሯል።

የዚህ ሙያ ሊቃውንት ስብሰባ እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ተጀመረ። በኋላም ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሆኖ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ከአገር አገር እየተዘዋወረ፥ በ2004 በቤጂንግ፥ በ2005 በባንጋሎር፥ በ2019 በሲንጋፖር ተደርጓል።

እንግዲህ ተረኛው አስተናጋጅ ምን ይሠራል? በመጀመሪያ የጉባኤውን ቋሚ ኮሚቴ ማሳመን አለበት። ኮሚቴው የሚጠይቀው ስለ ሆቴሉ ብቻ አይደለም፤ «በዚያ አገር ይህን ጥናት የሚሠራ ማን ነው?» ብሎም ይጠይቃል። ከዚያ ጥሪው ይወጣል፤ ተመራማሪዎችም የጽሑፋቸውን አጭር መግለጫ ይልካሉ። እያንዳንዱን መግለጫ ሁለት ወይም ሦስት ዐዋቂዎች ያለ ደመወዝ ይመረምራሉ። አንዱ «ይግባ»፥ ሌላው «አይግባ» ሲል የሚዳኘው የአገሩ አዘጋጅ ከሆነ፥ ጉዳዩን ራሱ የሚያውቅ መሆን ይገባዋል። በእኔ አስተያየት አንድ ጉባኤ የእኛ ነው ወይስ እኛ ዘንድ የተከራየ ነው የሚለው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፍ የሚመርጥ ሰው ከሌለን፥ የእኛ ድርሻ ሻይ ማቅረብና የደረት ካርድ ማደል ብቻ ይሆናል።

የጊዜ አከፋፈሉም ተንኰል አለው። ለምሳሌ 200 ጽሑፎች ተመርጠው ለእያንዳንዱ ከነጥያቄው 20 ደቂቃ ቢሰጥ 67 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በቀን ሰባት ሰዓት ቢሠራ በአንድ አዳራሽ አሥር ቀን ሊሞላ ነው። ስለዚህ በአምስት ቀን ለመጨረስ ቢያንስ ሁለት አዳራሽ ጐን ለጐን ያስፈልጋል፤ ሊቀ መንበሩም ለታላቁ ፕሮፌሰርም ሆነ ለተማሪው እኩል ሰዓት የሚይዝ ጨካኝ መሆን አለበት። በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ ወደ ውጭ አገር የተጻፈለት እንግዳ ሌሊት ሊነሣ ይችላል፤ የዓመቱም ቍጥር በሰባት ወይም በስምንት ይለያያል። ቀኑ ሲመረጥ ክረምቱን ብቻ ሳይሆን ረመዳንን፥ ዓረፋንና ጥምቀትን ማስተዋል ያስፈልጋል። ፈጣን ካሜራ ይዞ ለሚመጣ ተመራማሪ የጉምሩክ ደብዳቤ ቀደም ብሎ ካልተጻፈለት መሣሪያው አውሮፕላን ማረፊያ ታግቶ ጉባኤው ሊያልቅ ይችላል።

በአገራችን እንዲህ ያለ ሥራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 በሮም የተጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ1966 ለሦስተኛ ጊዜ በአዲስ አበባ ተደርጎ ጽሑፎቹ በሦስት ቅጽ ታትመዋል። ከዚያ በኋላ ጉባኤው ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ቍጥር ማረፊያው ዋና ከተማው ነበር። ይህ ልማድ የተለወጠው በጥቅምት 2005 ዓ.ም. 18ኛው ጉባኤ በድሬዳዋ ሲደረግ ነው፤ የጽሑፎቹም ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2016 በሁለት ቅጽ ወጣ። ጉባኤው ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ያህል የፈጀ የኅትመት ሥራ መኖሩን ልብ ማለት ያሻል፤ አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ይህ ብቻ ነውና።

ድሬዳዋ ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ለሁለቱም ይበቃል፤ በመንገዱ ላይም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጐል ደግሞ ለእንግዳ የሚታይ ነገር አያጣም። እርግጥ ነው፥ ጠባቦቹ መንገዶች አውቶቡስ አያስገቡም፤ እንግዳው ከበሩ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ ይህም ጕዳት አይመስለኝም። ይልቅ የሚያስቸግረው ውኃ ነው። ከተማው ከሐረማያ ሐይቅ ይጠጣ ነበር፤ ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ግን ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ተስቦ እንዲመጣ ሆኗል። ለጥቂት መቶ እንግዳ አስቀድሞ ማጠራቀም ግድ ነው።

ሆኖም ሊቃውንቱ ድሬዳዋ የመጡት የሚያጠኑት ነገር እዚሁ አገር ስላለ ነው። ሾክ ዌቭ ግን የትም አገር አለ፤ ስለዚህ ሰውን የሚስበው ላቦራቶሪው ብቻ ነው። በአፍሪካ የጆሃንስበርጉ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ባንጋሎርም ጉባኤውን የተቀበለችው ሥራው ያለው የሳይንስ ተቋም ስለ ነበራት ነው። ከዚሁ ተቋም በ2013 የተገለጸው የፕሮፌሰር ሬዲ ቱቦ ለእኛ ልዩ ትምህርት አለው። ተማሪው በእጁ ፒስተኑን ገፍቶ አየሩን ያምቃል፤ ስሱ ሽፋን ሲቀደድ ከድምፅ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ የሚፈጥን ሞገድ ይወጣል። የጋዝ ሲሊንደር አያስፈልገውም፤ ፈንጂም የለበትም።

እንዲህ ያለ ቱቦና ሁለት የግፊት መለኪያ ያለው ክፍል በሐረር አካባቢ ቢኖር፥ የሚመረመር ጥያቄ ከሩቅ አይፈለግም። የጀጐል ግንብ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ነው። ድንጋይ ለማውጣት ፈንጂ ሲተኰስ የሚነሣው ሞገድ ርቆ ሲሄድ ወደ ተራ ንዝረት ይለወጣል፤ ይህ ንዝረት በምን ያህል ርቀት የጭቃውን ማያያዣ ሊያላላ እንደሚችል በልኬት የሚመልስ አንድ የተማሪ ጽሑፍ፥ የትኛውም ጉባኤ ፊት ሊቀርብ ይችላል። መለኪያውም ከግንቡ ሥር በአንድ ቀን ይተከላል።