የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሞተርና የቤት ውስጥ ቮልቴጅ፦ ከመሰካት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤና፣ በአለም ባንክና በቤቴል አካባቢዎች በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ የተሰማሩ ዜጎች ኑሯቸው በድሪል፣ በግራይንደርና በመሳሰሉት መሣሪያዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ከውጭ አገር በዘመድ በኩል የመጣ መሣሪያ ግን ከአገራችን የኃይል መስመር ጋር ላይጣጣም ይችላል። በዚህም ምክንያት ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል፣ በሠራተኛውም ላይ አደጋ ሊደርስ ይችላል።

የአገራችን ቮልቴጅ ስንት ነው?

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ባለአንድ ፌዝ ኃይል 220 ቮልት ሲሆን፣ ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ ነው። የባለሦስት ፌዝ መስመር 380 ቮልት ነው። በአሜሪካና በካናዳ ደግሞ የቤት ሶኬት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ይሰጣል። ስለሆነም መሣሪያውን ከመሰካትዎ በፊት በአካሉ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ከሆነ በቀጥታ ሊሰካ ይችላል። 110 ወይም 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ መሰካት አይገባም። የመሰኪያ መቀየሪያ የሚለውጠው የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይደለም።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

ለ120 ቮልት የተጠቀለለ ሞተር 220 ቮልት ሲያገኝ ከመጠኑ በላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይስባል። ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ የሽቦው መሸፈኛ ቀልጦም ሞተሩ ይቃጠላል። በግራይንደር ላይ ደግሞ ፍጥነቱ በዲስኩ ላይ ከተጻፈው ገደብ አልፎ ዲስኩ ሊሰባበርና ሊፈናጠር ይችላል።

የቮልቴጅ ማነስም ጉዳት አለው። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ቮልቴጁን ይቀንሳል። ሥራ ላይ ያለ ሞተር ኃይል ሲያንሰው ከሚገባው በላይ ፍሰት ስቦ ይግላል። ሞተሩ እያጉረመረመ መዞር ካቃተው ወዲያውኑ ያጥፉት።

ትራንስፎርመር ሲጠቀሙ

ለባለ 110 ቮልት መሣሪያ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። 1,100 ዋት የሆነ መሣሪያ በ110 ቮልት 10 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ሞተር ሲነሣ ፍሰቱ ለአፍታ ከዚህም ስለሚበልጥ፣ የትራንስፎርመሩ አቅም ከመሣሪያው ዋት በቂ ብልጫ ሊኖረው ይገባል።

ትራንስፎርመር ፍሪኩዌንሲን አይለውጥም። ካርቦን ያላቸው የድሪልና የግራይንደር ሞተሮች በዚህ ብዙም አይነኩም። ካርቦን የሌላቸው የኮምፕሬሰርና የመሳሰሉት ኢንዳክሽን ሞተሮች ግን በ60 ኸርዝ ከሚዞሩበት ፍጥነት አንድ ስድስተኛውን ያጣሉ፤ ከመጠን በላይም ሊግሉ ይችላሉ።

ሰሌዳው የጠፋበትን መሣሪያ ብቃት ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው አይሰኩ።