ከጉና እስከ በሽሎ፦ የአዋቂዎች ጤና በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር የአንድ አዋቂ ሰው ጤና በአመዛኙ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በሚኖርበት ከፍታ፣ ለሥራ በሚወርድበት ቆላ እና በጎተራው ባለው እህል። ላይ ጋይንት ከጉና ተራራ ግርጌ፣ በውርጭ ምድር፣ ገብስና ድንች ያበቅላል። ታች ጋይንትና ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ እያዘቀዘቁ ሲሄዱ ሙቀቱ ይመጣል፤ ማሽላው ይመጣል፤ ወባም አብሮ ይመጣል። እስቴ ደጋውንም ቆላውንም ይዟል። ዝናብ ባጠረ ዓመት ብዙ ቤት እርዳታ ጠባቂ ይሆናል፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአካባቢ ሥራ ምትክ ድጋፍ የሚሰጠው ሴፍቲኔት የኑሮው አካል የሆነውም ለዚሁ ነው። “ክብደት ቀንሱ፣ በእግር ተጓዙ” የሚለው የከተማ ምክር ሲያርስ ለሚውልና ገበያ ለመድረስ ሰዓታት ለሚጓዝ ገበሬ የሚጨምርለት ነገር ጥቂት ነው። ለዚህ አካባቢ የሚሆን ምክር ከራሱ ከኑሮው መነሳት አለበት።

ይህን እንደ አዲስ እንድናስብ ያደረገው በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025) ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በባንኮክ ጉባኤው የወሰነው ውሳኔ ነው። ፌዴሬሽኑ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ “ዓይነት 5” ብሎ ሰየመው። ረሃብን ለሚያውቅ አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ከታች በሰፊው ይነሳል።

በወጣትነት ዕድሜ ዋናው አደጋ ያለው በሥራ ፍለጋ ጉዞ ላይ ነው። በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋው ብዙ ወጣት ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሁመራ ይወርዳል። የደጋ ሰው ሰውነት ከወባ ጋር አልተለማመደምና ሲይዘው ይጠናበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከበርሃ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ከጀመረው በዚያው ቀን ደሙን መመርመር፣ የት ከርሞ እንደመጣም ሳይጠየቅ መናገር አለበት፤ በላይ ጋይንቷ ከተማ በንፋስ መውጫ ብርድ ውስጥ ለታየ ትኩሳት ወባን ቀድሞ የሚጠረጥር ላይገኝ ይችላልና።

ከወባ የሚከፋው ካላዛር ነው። በ1997 ዓ.ም. በዚሁ ዞን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ሰዎች ትኩሳት እየያዛቸው እየከሱ ሲሞቱ በሽታው በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ካላዛር መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ በሽታውን ወደ አካባቢው ያመጡትም ከሰሊጥ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይታመናል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች፤ የምትደበቀውም በተሰነጣጠቀ የዋልካ መሬትና በግራር ዛፎች ሥር ነው። ቀን ሲያርም የዋለ ሠራተኛ ማታ ጋደም የሚለው ደግሞ እዚያው ግራር ሥር ነው። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዞ መውረድ፣ ከግራሩና ከስንጥቁም ርቆ መተኛት ያዋጣል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክሳትና በግራ ጎን በኩል ያበጠ ጣፊያ ከታየ የካላዛር ምርመራ መጠየቅ ይገባል፤ በሽታው ካልታከመ ይገድላል። ይህ ሁሉ ወጣቱ ከቤቱ ሳይወጣ በፊት ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው።

የድርቅ ዓመት ሌላም አደጋ ይዞ ይመጣል፤ ጓያ። ሌላው ሰብል ሲደርቅ ጓያ ስለሚጸና የቤቱ ዋና ምግብ ይሆናል፤ ለወራት ያለ ሌላ እህል ሲበላ ግን እግርን ያሽመደምዳል፤ በይበልጥ የሚጎዳውም ጎበዙን ወንድ ነው። ከጋይንት ጋር በሚጎራበተው በደላንታና ዳውንት በ1980ዎቹ መጨረሻ እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ደርሶ ነበር። ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከገብስ፣ ከጤፍ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ መመገብ ጉዳቱን ይቀንሳል። አንዴ የተሽመደመደ እግር ግን አይመለስም።

እናትነት የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የእርግዝና ክትትል፣ የብረት እንክብል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ አዮዲን ያለው ጨው፤ እነዚህን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ እየዞሩ ሲያስተምሩ ስለኖሩ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ብዙም የማይነገሩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ሥራ ነው፤ በሴፍቲኔት ደንብ ነፍሰ ጡር ሴት ከአካባቢ ሥራ ነፃ ሆና ድጋፉን ማግኘቷ መብቷ ነው፤ ከወለደች በኋላም ይህ ይቀጥላል። እርከን ስትሠራ፣ ድንጋይ ስትሸከም የምትታይ ነፍሰ ጡር ካለች የተጓደለው የደንቡ አፈጻጸም ነው። ሁለተኛው ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛውን፣ ነፍሰ ጡሯንና አራሷን በጾም አታስጨንቅም፤ ሆኖም በገጠር ብዙ እናቶች ከጎረቤት ወይም ከአማት ዓይን ፈርተው ይጾማሉ። እዚህ ላይ ከሐኪሙ ይልቅ የንስሐ አባት ቃል ይበረታል፤ ስለዚህ በእርግዝናው መጀመሪያ እርሳቸውን ማማከር ከመድኃኒቱ ያላነሰ ዋጋ አለው።

በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ የሚመጣው በሽታ በዝግታ ይገባል፤ ዓይነት 5 የተባለው የስኳር በሽታም ብዙ ጊዜ ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በሃያዎቹ ማለቂያ ይጀምራል። በሕዝብ ዘንድ ስኳር የወፍራምና የባለጸጋ በሽታ ነው። በጎንደር ሐኪሞች ሲታይ የኖረው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናታቸው ከገጠር የሚመጡትንና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን ሲገልጽ አብዛኞቹ ወንዶች፣ ድሆች፣ ቀጫጮችና ቁመታቸው አጠር ያለ ናቸው አለ። በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ቆሽትን ጎድቶ ይሆናል የሚለውን አሮጌ ጥያቄም እንደገና ከፈተ። ጥያቄው በእርግጥ አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ከጃማይካ ተመሳሳይ ሕሙማን ተገለጹ፤ በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን በምደባው ውስጥ አስገባው፤ በ1999 ደግሞ ምግብ ማጣት መንስኤ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ አወጣው። የዛሬዎቹ ተጠራጣሪዎችም ይህንኑ ያነሳሉ፦ ክሳቱ የስኳሩ ውጤት እንጂ መነሻው ባይሆንስ? ለይቶ የሚያሳውቅ አንድ ምርመራስ የት አለ?

ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከምደባ የወጣ በሽታ ከሐኪም ትምህርትም ይወጣል፤ ቀጭኑ ገበሬ ወይ “ዓይነት 1” ወይ “ዓይነት 2” ተብሎ ለሌላ ሰው በተቀረጸ መጠን ይታከማል። የሕንድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት እነዚህ ሕሙማን ኢንሱሊን የሚያመነጩት በጣም ጥቂት ነው፤ ሰውነታቸው ግን ለኢንሱሊን እምቢተኛ አይደለም። ስለዚህ በዛ ያለ መጠን ከተሰጣቸው ስኳራቸው በድንገት ወርዶ ሊጥላቸው ይችላል፤ በጎተራው እህል በሌለበት ወር ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በማኅፀን የነበሩ ሰዎች ዛሬ አርባ ዓመት ሞልቷቸዋል። በራያ ቆቦ የተካሄደ ጥናት ረሃቡ በማኅፀን ሳሉ የደረሰባቸው ሰዎች ካልደረሰባቸው ይልቅ የስኳር፣ የደም ግፊትና የስብ መዛባት አንድ ላይ የሚታይበት ችግር እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። ጋይንትና ስማዳም ያንኑ ረሃብ አይተዋል። ስያሜው ሊጸና ይገባዋል የሚያሰኘው ይህ ነው።

ለቤተሰቡ የሚሆነው ምክር ቀላል ነው። የማያቋርጥ ውኃ ጥም፣ ሽንት መመላለስና ክሳት አንድ ላይ የታየበት ሰው ምንም ያህል ቀጭን ቢሆን ስኳሩን ይለካ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግብ ሳያዘጋጅ አይውጋ፤ ላብና መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ቶሎ የሚቀምሰው ስኳር ወይም ማር ከኪሱ አይለይ፤ በጾም ወቅት የምግቡን ሰዓት ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይወስን። ማቀዝቀዣ በሌለበት በስማዳ ቆላ ኢንሱሊኑን በረጠበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በጥላ ማስቀመጥ ይረዳል። መጠባበቂያ መድኃኒት መያዝም የግድ ነው፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የንፋስ መውጫ ሆስፒታል ሲዘረፍ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል ግጭት መንገድ ሲዘጋ የታየው የዚህ አስፈላጊነት ነው።

የደም ግፊት ከስኳር ይልቅ የተለመደ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ገደማ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ 16 የሚሆኑ አዋቂዎች ግፊት እንዳለባቸው አግኝቷል። ጨው መቀነስ፣ አረቄ መተው፣ ተሻለኝ ብሎ እንክብሉን አለማቋረጥ ያስፈልጋል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ደግሞ ለማኅፀን በር ካንሰር ይመርመሩ።

በእርጅና ዘመን ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ዓይን ነው። አማራ ክልል በዓለም ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን ደቡብ ጎንደር ደግሞ በሽታው አልነቀል ካለባቸው ዞኖች ይቆጠራል። ሕፃናትን የሚያሳድጉት ሴቶች በተደጋጋሚ ስለሚያዙ ከወንዶች ይልቅ እነርሱ ይታወራሉ። ብዙ አሮጊቶች ወደ ውስጥ የዞረውን የሽፋሽፍት ጸጉር በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ይቆያሉ፤ ወረንጦው ሕመሙን ለቀናት ያስታግሳል እንጂ የተገለበጠውን የዓይን ቆብ አያቀናውም። የሚያቀናው ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ የሚሠራውም በጤና ጣቢያ ደረጃ በሠለጠኑ ባለሙያዎች ነው። ለወጣቶቹ ደግሞ የልጆችን ፊት በየቀኑ ማጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀምና በየዓመቱ የሚታደለውን የዚትሮማክስ መድኃኒት መውሰድ ይበቃል። የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ዓይንንም ሳንባንም ያሳርፋል።

ለዚህ ሁሉ ወጪ የተዘረጋው መንገድ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው። በ2003 ዓ.ም. ሙከራው ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ የዚሁ ዞን ፎገራ ነበረች፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባልነቱ በየዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ ቤተሰቡ ማደስ ያለበት እህል ሲገባ፣ ገንዘብ በእጁ ሳለ ነው።