የተሰፋ ጨጓራ ምግብ ይፈጫልን?

በልደታ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ግቢያቸውን የሚጠብቅ ግዙፍ ጀርመን ሼፐርድ አላቸው። በአሜሪካ የምትኖር ልጃቸው የውሻው ጨጓራ ሳይጠመዘዝ በፊት በቀዶ ሕክምና ከሆድ ግድግዳ ጋር እንዲሰፋ መክራቸዋለች። እርሳቸው ግን «ጨጓራው ከታሰረ ምግቡን እንዴት አድርጎ ይፈጫል?» ሲሉ ጠየቁን። የእንስሳት ሐኪም አይደለንም፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው በከፊል የፊዚክስ በመሆኑ ለአንባብያን ልናቀርበው ወደድን።

በሽታው የሚያጠቃው በተለይ ደረታቸው ጥልቅና ጠባብ የሆኑ ትልልቅ ውሾችን ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት አንድ ውሻ በዕድሜው ዘመን በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሉን ለግሬት ዴን ዝርያ 37 በመቶ ገደማ፣ ለሮትዋይለር ደግሞ 4 በመቶ ገደማ አድርገው ገምተዋል። ጨጓራው በአየር ይነፋል፤ ከዚያም በራሱ ዛቢያ ላይ ይዞራል፤ አንዳንዴም ሙሉ ዙር ይዞራል። አፉ እንደተጠመዘዘ ጆንያ መግቢያውም መውጫውም ስለሚዘጋ ውሻው ማግሳትም ማስመለስም ይሳነዋል። በሉላዊ ከረጢት ግድግዳ ላይ ያለው ውጥረት የግፊቱና የሬዲየሱ ብዜት ግማሽ መሆኑን ተማሪዎች ያስታውሳሉ። ስለዚህ ግፊቱ ባይጨምር እንኳ ሬዲየሱ እጥፍ ሲሆን ውጥረቱም እጥፍ ይሆናል፤ ግድግዳው ደግሞ ይሳሳል። የተነፋው ጨጓራ ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫነዋል፤ ውሻው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

የዚህ በሽታ ወንድም በሰው ላይም አለ። በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳን የመሳሰሉ የሀገራችን ሆስፒታሎች የሚያውቁት የትልቁ አንጀት መታጠፍ ነው። እዚያም የታጠፈውን መፍታት ብቻ አይበቃም፤ ተመልሶ የመታጠፍ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ የረዘመው ክፍል ብዙውን ጊዜ ተቆርጦ ይወጣል። ጨጓራን ግን እንዲህ ቆርጦ ማስወገድ ስለማይቻል የቀረው መፍትሔ ማሰር ነው።

ጋስትሮፔክሲ በተባለው በዚህ ቀዶ ሕክምና፣ ወደ መውጫው በር የቀረበው የጨጓራ ክፍል ከቀኝ የሆድ ግድግዳ ጋር ይያያዛል። የሚቀደደው የጨጓራው ውጫዊ ሽፋንና ጡንቻ ብቻ ነው፤ ምግብ ያለበት ክፍል አይከፈትም። በመጨረሻ ጨጓራውን የሚይዘው ክሩ ሳይሆን በቦታው የሚፈጠረው ጠባሳ ነው። ጨጓራው ሲጠመዘዝ መውጫው ከቀኝ ወደ ግራ መሻገር አለበት፤ ጠባሳው ይህን መንገድ ይዘጋበታል።

ወደ ወዳጃችን ጥያቄ እንመለስ። ጨጓራ ምግብ የሚፈጨው ወዲያና ወዲህ በመወዛወዝ ሳይሆን ግድግዳው በሞገድ መልክ በመኮማተር ነው። ሞገዱ ከላይኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ መውጫው ይጓዛል፤ በውሻ በደቂቃ 5 ጊዜ ገደማ፣ በሰው 3 ጊዜ ገደማ። ጠጣር ምግብ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪደቅ ድረስ መልሶ መላልሶ ይፈጫል። ጫፉ ከግድግዳ ጋር በታሰረ ገመድ ላይም ሞገድ ይጓዛል። (ምሳሌው ጎዶሎ መሆኑን እናምናለን፤ የገመድ ሞገድ ጫፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ የጨጓራውን ግን ጡንቻው ራሱ በየእርምጃው እንደ አዲስ ይፈጥረዋል።)

ሆኖም ጠባሳው የሚያርፈው ዋናው ወፍጮ በሚገኝበት ክፍል ላይ ስለሆነ ነገሩን በሐሳብ ብቻ መፍረድ አይገባም፤ መለካት ያሻል። ተመራማሪዎች ጤናማ ትልልቅ ውሾች ግፊትንና አሲድነትን የምትለካ እንክብል እንዲውጡ አድርገው፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ያለውን ጊዜ አነጻጽረዋል። ምግቡ ከጨጓራ በሚወጣበትም ሆነ አንጀትን በሚያቋርጥበት ጊዜ ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። የተለኩት ውሾች ጥቂት ነበሩና አነስተኛ ለውጥ አምልጦ ሊሆን ይችላል። ስፌቱ ያለቦታው ካረፈ ደግሞ መውጫውን ጎትቶ ማስመለስን ሊያስከትል ስለሚችል የሐኪሙ ልምድ ወሳኝ ነው።

ስፌቱ መጠምዘዝን እንጂ መነፋትን አይከለክልም። በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት፣ በችኮላ መዋጥና እርጅና አደጋውን ይጨምራሉ፤ በሽታው ወላጆቹን ወይም ወንድምና እኅቶቹን የያዘበት ውሻም ይበልጥ ይጋለጣል። ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም የማይወጣው ውሻ፣ የተሰፋም ቢሆን፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ወዳጃችን ውሻውን በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ፣ በትርፍራፊ ጠግቦ እስኪተኛ ያበሉት ነበር። አሁን የወላጆቹን ታሪክ ከሰጣቸው ሰው ጠይቀው ሐኪም እስኪያማክሩ ድረስ ምግቡን ጠዋትና ማታ ከፍለው እየሰጡት ነው።