ነጥብ የማይሰጠው ትምህርት

በደቡብ ዌልስ የባሕር ጠረፍ፣ ሴንት ዶናትስ በሚባል ጥንታዊ ግንብ ውስጥ አትላንቲክ ኮሌጅ ይገኛል። ስሙ ኮሌጅ ይሁን እንጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዓለም ዙሪያ የተመረጡ 350 ያህል ወጣቶች ለሁለት ዓመት እዚያው እያደሩ ይማሩበታል። በ1962 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ሐሳቡ የኩርት ሃን ነበር፤ ሃን በናዚዎች ዘመን ከጀርመን ወደ ብሪታንያ የተሰደደ መምህር ነው። ግንቡን ገዝቶ ለትምህርት ቤቱ የሰጠው ደግሞ በኤደንና በኢትዮጵያ የንግድ ቤቱ ስመ ጥር የነበረው የአንቶኒን ቤስ ልጅ ነው።

የሚሰጠው ትምህርት በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የተለመደው፣ አይቢ ዲፕሎማ የሚባለው ነው። ስድስት የትምህርት ዓይነት አለው፤ እያንዳንዱ ከ7 ይታረማል፤ የ4,000 ቃላት የምርምር ጽሑፍና የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ ተጨምረው ጠቅላላው 45 ነጥብ ይሆናል። ወላጅም ተማሪም ዓይኑን የሚተክለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ነገር ግን ካስ የተባለ ሌላ ክፍልም አለ፤ የፈጠራ ሥራን፣ የአካል እንቅስቃሴንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን ይይዛል። ቢያንስ 18 ወር ይቆያል፣ አንድም ነጥብ አያስገኝም፤ ያላሟላ ግን በፈተናው የቱንም ያህል ቢያመጣ ዲፕሎማውን አያገኝም። ነጥብ ስለሌለው ብቻ ትርፍ ነገር አድርጎ ማየት፣ ፎርም አስፈርሞ መገላገል፣ በየዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቱ የተለመደ ስንፍና ነው። ይህን የሚያደርግ ተማሪ የሚበድለው ራሱን ነው።

ለምን ቢባል፣ የአትላንቲክ ኮሌጅ የጀልባ ታሪክ በቂ መልስ ይሰጣል። ግንቡ የቆመው በብሪስቶል ሰርጥ ዳር ነው፤ እዚያ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት በዓለም ከታወቁት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ተማሪዎች በሸራ ጀልባ ሲሠለጥኑ የሚጠብቃቸው ጀልባ ያስፈልግ ነበር። የእንጨት ጀልባ ከሌላ ጀልባ ጋር ሲጋጭ ይጎዳል፣ ያጋጨውንም ይጎዳል፤ በአየር የሚነፋው የጎማ ጀልባ ደግሞ አይጎዳም፣ ግን ወለሉ ልል ስለሆነ በማዕበል ይተጣጠፋል፣ በጠጠሩ ዳርቻ ሲጎተትም ይበላል። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህር፣ የባሕር ኃይሉ ሪር አድሚራል ዴዝመንድ ሆር፣ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ከጎማው ሥር የኮምፔንሳቶ ወለል መለጠፍ ጀመረ። ወለሉ ይላቀቃል፣ እንደገና ይሠራል፣ እንደገና ባሕር ይገባል። በዚህ መንገድ ታችኛው አካሉ ጠንካራ፣ ጎኑ የጎማ ቱቦ የሆነ ጀልባ ተገኘ፤ ዛሬ የነፍስ አድን ሠራተኞችና የባሕር ኃይሎች በዓለም ዙሪያ ይጠቀሙበታል። የፈጠራ መብቱ ለብሪታንያ የነፍስ አድን ጀልባ ተቋም በ1 ፓውንድ ተላለፈ፤ ተቋሙም ከዚህ የወጡትን ጀልባዎች «አትላንቲክ» ብሎ ሰየማቸው። ተማሪዎቹ ፊዚክስን የተማሩት ሰው በማዳን ሥራ ውስጥ ነው፤ ስሌቱ ቢሳሳት የሚጎዳው በባሕሩ ላይ ያለው ጓደኛቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ኃላፊነት የፈተና ወረቀት ሊሸከመው አይችልም።

ሁሉም ትምህርት ቤት ባሕር የለውም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዋናው ነገር ግን ባሕሩ ሳይሆን በሌላው ጫፍ በእርግጥ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው። የሠፈር ልጆችን በየሳምንቱ ሳይቀር የሚያስጠና ተማሪም ይህን ያገኛል፤ አንድ ቀን ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ የሚመለሰው አያገኝም። ጊዜ ይሻማል የሚለው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ የአይቢ ጫና ቀላል አይደለምና። መፍትሔው አገልግሎቱን መተው ሳይሆን ማሳነስ ነው፦ በአምስት ክበብ ከመመዝገብ አንዱን እስከ ዳር ማድረስ። እንዲህ ያለው ትምህርት የሀብታም ልጆች ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። የብዙ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ክፍያ ሲታይ ወቀሳው መሠረት አለው፤ አትላንቲክ ኮሌጅ የጀመረው የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆች ማኅበር ግን ተማሪ የሚመርጠው በዋናነት በየአገሩ ባሉ ኮሚቴዎች ነው፣ ለብዙዎቹም እንደ ቤተሰባቸው አቅም የትምህርት ድጋፍ ይሰጣል።

ስለዚህ ልጁን ወደ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሊልክ ያሰበ ወላጅ አማካይ ነጥቡ ስንት እንደሆነ ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ ተማሪዎቻችሁ አንድ ሳምንት ቢቀሩ ከግቢው ውጭ ሥራው የሚጓደልበት ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ወዲያው መልስ ካለው፣ ካስ እዚያ ከፎርም አልፎ ትምህርት ሆኗል።