ላሜራዋና የዓባይ ዳገት

ከጎሐ ጽዮን የተነሳ ጭነት መኪና በፍሬንና በማርሽ እየተያዘ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ድልድዩን ሲሻገር ደግሞ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ጥምዝምዝ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ይገባል። እዚያ ላይ «ጉልበት አጣብኝ» ያለ ሾፌር ደብረ ማርቆስ ደርሶ ጋራዥ ሲገባ የሚሰማው ምክር አዲስ አይደለም፦ «ኢጂአሩን እንድፈነው።»

ኢጂአር ከሞተሩ የወጣውን ጭስ በከፊል ወደ አየር መግቢያው የሚመልስ መስመር ነው፤ መሐሉ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አለው። መካኒኩ ቡሎኖቹን ይፈታል፣ በጋስኬቱ ልክ የተቆረጠች ላሜራ ይከታል፣ መልሶ ያስራል። ዋጋው ከአዲስ ቫልቭ ጋር አይወዳደርም፤ በተለይ ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

ጭስ ለምን ይመለሳል? ኦክስጅኑ ያነሰ ስለሆነ ከንጹሕ አየር ጋር ሲቀላቀል የቃጠሎውን ሙቀት ያበርዳል። ሙቀቱ ሲበዛ የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይፈጥራሉ፤ ይህ ነው ሳንባ የሚጎዳው። ዘዴው በቤንዚን መኪኖች ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከባድ የናፍጣ መኪኖች ላይ በስፋት የገባበት ታሪክ ግን ወደ ፍርድ ቤት ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሰባት የሞተር አምራቾች በምርመራ ሰዓት ንጹሕ፣ በመንገድ ላይ ቆሻሻ የሚሆን ሞተር ሸጠዋል ተብለው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማሙ፤ በስምምነቱ መሠረት ብዙዎቹ በ2002 ኢጂአር የተገጠመለት ሞተር አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ቮልስዋገን በተመሳሳይ ማታለል ተያዘ። እዚያ ያጭበረበረው ፋብሪካው ነው፤ እኛ ዘንድ ሥራው ለጋራዡ ተትቷል።

መካኒኮቻችንን ግን በከንቱ መውቀስ አይገባም። ብዙ የሠራ ሞተር አየር መግቢያው ሲፈታ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጥላሸቱ ከሞተር ዘይት ትነት ጋር ተቦክቶ ሬንጅ መስሏል፤ ቡጢ ያስገባ የነበረው ቀዳዳ አሁን ሁለት ጣት አያስገባም። ቫልቩ በዚህ ተይዞ ክፍት ከቀረ መኪናው በእርግጥም ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስም ይተፋል። የኢጂአሩ ማቀዝቀዣ ካፈሰሰ ደግሞ የራዲያተር ውኃ የት እንደሚገባ ሳይታወቅ ያልቃል። ላሜራ የሚያስገባ ሰው የሌለ በሽታ አልፈጠረም።

ነገር ግን ዳገቱ ላይ የሚጠፋው ጉልበት ሁሉ የኢጂአር ዕዳ አይደለም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር የአየሩ ሩብ ያህል ይጎድላል። ቱርቦ የተወሰነውን ይክሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ በብዙ ሞዴሎች በኮምፒውተር የሚመራ ጤነኛ ቫልቭ ነዳጅ እስከ ጥግ ተረግጦ ዳገት ሲወጣ ራሱ ይዘጋል ወይም ለመዘጋት ይቃረባል፤ ከፍታ ላይም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጤነኛውን ቫልቭ በላሜራ የደፈነ ባለንብረት በዓባይ ዳገት ላይ የተዘጋ በር ነው የዘጋው። ትርፉ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ መብራት፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ የሚቀንሰው ጉልበት ነው። በዚያ ላይ ወደ አፍሪካ በብዛት የተላኩት የዩሮ 2 ሲኖትራኮች ከነጭራሹ ኢጂአር የላቸውም፤ እነሱም ዳገቱ ላይ ያቃስታሉ።

ክርክሩ ለምን አይቋጭም ቢባል፣ ጉዳቱ አይታይማ። ኢጂአር ሲደፈን ጥላሸቱ ይቀንሳል፤ ማርሚታው የነጻ ይመስላል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ መመርመር አለበት፤ የተለመደው የናፍጣ ጭስ መለኪያ ግን የሚያየው የጭሱን ጥቁረት ነው፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድን አይደለም። ላሜራ ያስገባው መኪና እንዲያውም የተሻለ ውጤት ሊያመጣ ይችላል! ዳር መንገድ ቤት ያለው የሉማሜ ወይም የደምበጫ ሰው የሚተነፍሰውን የሚለካለት የለም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ማቀዝቀዣው አፍስሶ ሞተሩን ሊያበላሽ የደረሰ ሰው መለዋወጫው እስኪገኝ ቢደፍን አልፈርድበትም። ጉልበት ፍለጋ የሚደፍን ግን መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን፣ የቱርቦውን ቱቦ፣ ኢንጀክተሮቹን ያስፈትሽ፤ ቫልቩንም አስወልቆ ያስጥበው። ያም ሆኖ ላሜራው ከገባ፣ ወንድሜ ሾፌር፣ ቫልቩም ከወለቀ ጋራዥ ጥለኸው አትሂድ። በፌስታል ጠቅልለህ ከመቀመጫህ ሥር አስቀምጠው።