ለግጭት የሚሰጥ ፍርድ

ከጣራ ገዳም ግርጌ አንሥቶ እስከ ደብረ ታቦር ባለው ደጋ ያደገ ሰው የገናን ጨዋታ ሳያውቅ አይቀርም። ሩርን የሳተ ዱላ የባልንጀራን ቅልጥም ቢያገኝ፥ መቺው ሎሌ ተመቺው ጌታ ቢሆን እንኳ ቂም አይያዝም፤ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ተብሎአልና። በዚህ አባባል ውስጥ ሁለት ቁም ነገር አለ፤ አንደኛው ሳይታሰብ የደረሰ ጉዳት ይቅር መባሉ፥ ሁለተኛው ጌታና ሎሌ በሜዳ ላይ እኩል መሆናቸው ነው። ዳሩ ግን ጨዋታውን ሰበብ አድርጎ ሆነ ብሎ የሚመታውን ሰው ምን እናድርገው?

ይህ ጥያቄ በአውቶሞቢል እሽቅድምድም ላይ ሲነሣ ደግሞ የሰው ሕይወት አለበትና እጅግ ይከብዳል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 በጃፓን አገር በሱዙካ፥ ብራዚላዊው አይርተን ሴና በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ የፈረንሳዊውን የአላን ፕሮስትን መኪና ገጨ። ሁለቱም ከውድድሩ ወጡ፤ ሴናም ሳይቀጣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በማግሥቱ ዓመት መንገድ ላለመልቀቅ አስቀድሞ ቆርጦ እንደነበረ ራሱ ተናገረ። በ1994 በአደሌይድ ጀርመናዊው ሚካኤል ሹማከር ከእንግሊዛዊው ዴመን ሂል ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ወጡ፤ ሹማከርም ቅጣት ሳይነካው በ1 ነጥብ ብልጫ ዋንጫውን ወሰደ። ይኸው ሰው በ1997 በስፔን አገር በሄሬዝ ዣክ ቪልኔቭን ሲገጭ ግን ከውድድር የወጣው እርሱ ብቻ ሆነ። በኋላም ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ከዓመቱ የሻምፒዮና ደረጃ ሰረዘው። እንግዲህ የቀናቸው ዋንጫ ሲወስዱ፥ ያልቀናው ተቀጣ ማለት ነው።

እርግጥ ሁለት ግጭቶች በፍጹም አንድ ዓይነት አይሆኑም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም ሆነ ተብሎ የተሠራውን በአንቀጽ 58፥ በቸልተኝነት የተሠራውን በአንቀጽ 59 ለይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ የቅጣት መለያየት ብቻውን አድልዎ አይደለም። አድልዎ የሚሆነው የልዩነቱ ምክንያት ያልተገለጸ እንደሆነ ነው። ፌዴሬሽኑም በአውሮፓ 2025 ዳኞቹ የሚመሩበትን የቅጣት መመሪያ ለሕዝብ ይፋ ማድረጉ የሚያስመሰግነው ነው።

ነገሩ ለእሽቅድምድም ብቻ አይደለም። ለአንዱ አርፋጅ ምክር፥ ለሌላው የደመወዝ ቅጣት የሚሰጥ ወጣት ሹም ምክንያቱን ጽፎ ካላስቀመጠ፥ የተቀጣው ጥፋቱን ትቶ ዳኛውን ይከሳል። አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ያሉት ይህንኑ አይተው ነው እንላለን።